በየቀኑ አንድ ቁም ነገር፦ ፊደል የሚሠራው ማነው?

ብራና • ሰኞ
ሰላም ወገን። የቀን መቁጠሪያው ጭቅጭቅ ስለበረደ በዚህ ሳምንት ስለ ጽሕፈት እናውራ። እኔ በየቀኑ አንድ ነገር እጥላለሁ። እናንተ ጨምሩበት፣ ተከራከሩበት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊደል ልክ እንደ ቋንቋ በሕዝብ መሐል ቀስ እያለ የሚበቅል ይመስለናል። የኮሪያው ግን ሠሪው ይታወቃል። ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 ጨርሶ በ1446 ይፋ አደረገው። ከዚያ በፊት ኮሪያውያን የሚጽፉት በቻይና ምልክቶች ነበር። እነዚያን ለመማር ዓመታት ይፈጃል። አርሶ የሚያድር ሰው ደግሞ ያ ጊዜ የለውም። ንጉሡ ምክንያቱን በመግቢያው ላይ አስቀምጦታል፦ ቋንቋችን ከቻይና የተለየ ነው፣ ተራው ሰው በልቡ ያለውን መጻፍ አልቻለም፣ ስለዚህ 28 ፊደላት ሠራሁ ይላል።

ቅርጹ ነው ጉዱ። ዋና ዋናዎቹ ተነባቢዎች የተሳሉት ከአፍ ነው። «ነ» ስንል የምላስ ጫፍ ወደ ላይ ተነስቶ ድድ ይነካል። ፊደሉ ያንኑ የምላስ ቅርጽ ይዟል። «መ» አፍ ነው፣ አራት ማዕዘን። «ሰ» ጥርስ ነው። ድምፁ ሲጠነክር ደግሞ በዚያው ቅርጽ ላይ አንድ ጭረት ይታከላል። የሚቀራረቡ ድምፆች በመልክም ይቀራረባሉ ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቁጭ ብሎ የራሱን አፍ ሲያጠና ይታያችሁ።

ጉጉት
ንጉሥ ያዘዘውን ማን እምቢ ይላል? ሕዝቡ በማግስቱ ተቀብሎታል በለኛ።

ብራና
ኧረ የት! በ1444፣ ገና ይፋ ሳይሆን፣ ቼ ማሊ የተባለ ሹም ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆኖ የተቃውሞ ጽሑፍ አስገባ። ከቻይና ጽሕፈት ወጥቶ የራስን መያዝ የአረመኔዎች ሥራ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። በ1504 ደግሞ ዮንሳንግን የተባለው ንጉሥ እሱን የሚነቅፉ ጽሑፎች በዚሁ ፊደል ተለጥፈው አገኘና ከለከለው። የመንግሥት ሰነድ ዋና ጽሕፈት የሆነው በ1894 ነው። ቁጠረው፣ ከ440 ዓመት በላይ ነው።

ሰኔና_ሰኞ
ምሁራኑ ስለ አረመኔነት ተጨንቀው ነው ብላችሁ ነው? እንጀራቸው እኮ ነው። ሁሉም ሰው ማንበብ ከቻለ እነሱን ማን ያስጠጋቸዋል?

ባለቀለም
በመሐል ያቆዩት በዋናነት ሴቶችና ተራው ሰው ናቸው። ደብዳቤና ልብ ወለድ ይጽፉበት ነበር። ጆንግ ኢንጂ የተባለው ሊቅ ሲመርቀው «ብልህ ሰው ጠዋቱ ሳያልፍ ይማረዋል፣ ሞኝ እንኳ በ10 ቀን» ብሎ ነበር። ከ28ቱ ዛሬ 24ቱ ናቸው የሚሠሩት።

ጉጉት
እኔ 11ኛው ቀን ላይ የምጨርሰው ነኝ 😅

ብራና • ማክሰኞ
ትናንት ንጉሥ፣ ዛሬ ብር ሠሪ።

ሴኮያ የቼሮኪ ሰው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ። እንግሊዝኛ ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። ነጮቹ ወረቀት አይተው እንደሚነጋገሩ ግን ያውቃል። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምልክት ሊያበጅ ሞከረ። ምልክቱ እየበዛ ሄዶ ማስታወሱ ሲያቅተው ተወው። ከዚያ ቃላቱን ሰባበራቸውና ወደ ክፍለ ቃል ወረደ። ያኔ ነው የተሳካለት፤ ሰማንያ ምናምን ምልክት በቃው። 1821 ላይ ሥራው አለቀ። ዛሬ 85 ናቸው።

እዚህ ላይ አስቡት። የኮሪያው ንጉሥ በዙሪያው ሊቃውንት ነበሩት፣ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ይኸኛው ምንም የለውም። ከዚህ በፊት በየትኛውም ቋንቋ አንድ መስመር አንብቦ የማያውቅ ሰው ሥራ ላይ የሚውል ጽሕፈት ሠራ። በታሪክ እንዲህ ያደረጉ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ።

ወለላ
ልጁን ለምን ተውካት ጋሼ ብራና? አዮካ ትባላለች። መጀመሪያ ያስተማረው እሷን ነው፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች። ሽማግሌዎቹ አላምን ሲሉ እሷን ራቅ አድርገው የተናገሩትን ለሱ ያጽፉታል፣ ከዚያ ይጠሯትና ታነብላቸዋለች። ጥንቆላ ነው ብለው ጠርጥረውት እንደነበርም ይነገራል።

ብራና
ልክ ነሽ ወለላ፣ እሷ ባትኖር ማን ያምነው ነበር። የቼሮኪ ብሔር በ1825 በይፋ ተቀበለው። በ1828 «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለ ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋ መታተም ጀመረ። ልብ በሉ፣ ከኮሪያው 440 ዓመት ጋር ሲነጻጸር ጋዜጣ እስኪታተምበት ድረስ እንኳ 7 ዓመት ነው የፈጀው። የሚከለክል ሹም አልነበረማ!

ጉጉት
ቅርጾቹን አየኋቸው። የላቲን ይመስላሉ፣ ግን ሌላ ናቸው። ደብልዩ የሚመስለው «ላ» ነው፣ ኤች የሚመስለው «ሚ»።

ባለቀለም
አዎ። ቅርጹን ከታተመ ጽሑፍ አየ፣ ድምፁን አላወቀውም፣ ስለዚህ የራሱን ሰጠው።

ጠጠር
አንድ ነገር ልበል። ሁለቱም ቢሆኑ «ጽሕፈት የሚባል ነገር አለ» የሚለውን ሐሳብ ከሌላ ወስደዋል። ሐሳቡን ከባዶ ተነስቶ ያመጣውስ ማነው? ንጉሥ ነው? ካህን ነው? ባለቅኔ ነው?

ባለቀለም
ሒሳብ ሠራተኛ ነው ብልህስ?

ከባዶ ተነሳ የሚባልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ሜሶጶጣሚያ፣ ቻይና እና መካከለኛው አሜሪካ። ግብፅ ለብቻዋ ነው ወይስ ከጎረቤት ሰምታ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ሰሌዳዎች የተገኙት ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ባለችው በኡሩክ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 እስከ 3200 ገደማ። የተጻፈባቸው ጸሎት አይደለም፣ ግጥምም አይደለም። ይህን ያህል በግ፣ ይህን ያህል ገብስ፣ ለእገሌ ይህን ያህል ቀለብ። ታሪክና ግጥም የመጣው ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ ነው።

ሰኔና_ሰኞ
የሰው ልጅ መጀመሪያ የጻፈው ዕዳ ነው ማለት ነው። አልገረመኝም።

ወለላ
ኤአናሲርን የማያውቅ አለ? በሜሶጶጣሚያ የጥንቷ የኡር ከተማ ነጋዴ ነው፣ መዳብ ሻጭ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 ገደማ ናኒ የሚባል ደንበኛው በሸክላ ላይ ስሞታ ጽፎበታል። ጥሩ መዳብ እሰጣለሁ ብለህ የማይረባ አመጣህ፣ መልእክተኛዬንም አዋረድከው፣ ከእንግዲህ እያየሁ መርጬ ነው የምወስደው ይላል። ሰሌዳው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ሰውዬው በቅሬታ ስሙ የተነሳ ከ3,700 ዓመት በኋላም በኢንተርኔት ይሰደባል።

ሰኔና_ሰኞ
አንድ ኮከብ ⭐ «ሻጩ ስልክ አያነሳም»

ቅድመአያት
ስለ ኮሪያና ስለ ቼሮኪ ሰማን። የእኛን ፊደል ለምን አታነሱም? እኛ ከማንም አልወሰድንም። ሌላው ነው ከእኛ የወሰደው።

ብራና • ረቡዕ
ቅድመአያት ስላነሳው የዛሬው የሱ ይሁን። ይህቺን ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሡኝ።

በ1905 ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለ አርኪዮሎጂስት ሲና በረሃ ውስጥ ሰራቢት ኤል ኻዲም በምትባል ቦታ ቆፈረ። ግብፃውያን ሰማያዊ ፈርጥ የሚያወጡበት ማዕድን ነበር። እዚያ ያሉ ድንጋዮች ላይ ሥዕል መሰል ምልክቶች አገኘ፤ ግን የግብፅ ጽሕፈት አልነበሩም። ቁጥራቸው ከሠላሳ አይበልጥም። በ1916 አለን ጋርዲነር አንድ ተደጋጋሚ ቃል አነበበ፦ «ለበዐለት»። ለእመቤቲቱ ማለት ነው። ያቺን «ለ» አያችኋት? እኛም ያው «ለ» ነው የምንለው።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የግብፅን ሥዕሎች አይተው የራሳቸውን ቋንቋ የመጀመሪያ ድምፅ ሰጧቸው። የቤት ሥዕል «በ» ሆነ። የዓይን ሥዕል «ዐ»። የውኃ ሞገድ «መ»። የራስ ሥዕል «ረ»። አሁን የግዕዝ ፊደላትን ስም አስታውሱ፦ ቤት፣ ዓይን፣ ማይ፣ አፍ፣ ርእስ፣ የመን። ማይ ውኃ ነው፣ ርእስ ራስ ነው፣ የመን ቀኝ እጅ ነው። ያ የማዕድን ቦታ ሥዕል ስሙን ይዞ እኛ ጋ ደርሷል ማለት ነው።

«ዐ»ን እዩአት። ክብ ናት። ዓይን ናት። በፊንቄና በግሪክ በኩል የሄደችው እህቷ ደግሞ ላቲን ጋ ደርሳ ኦ የምንላት ክብ ፊደል ሆነች። እንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ ክቧን ባያችሁ ቁጥር ያው ዓይን ነው።

ስለዚህ ቅድመአያት፣ መልሴ፦ ከሰው ወስደናል። ሁሉም ወስዷል። ግሪክ ከፊንቄ፣ ላቲን ከግሪክ፣ እኛ ከደቡብ ዓረብ። ዋናው ጥያቄ ወስዶ ምን ጨመረበት ነው።

ጠጠር
ታዲያ ምን ጨመርን?

ባለቀለም
አናባቢውን። የደቡብ ዓረቡ ፊደል ተነባቢ ብቻ ነው የሚጽፈው፣ እንደ ዕብራይስጥና ዓረብኛ። የቀደሙት የአክሱም ጽሑፎችም እንደዚያው ናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ገደማ፣ እያንዳንዱ ፊደል እግር፣ ክንድ፣ ቀለበት አበጀ። 26 ተነባቢ፣ በሰባት ቤት። ግሪኮች አናባቢ የጨመሩት ለብቻው ፊደል በመመደብ ነው። እዚህ ግን ፊደሉ ራሱ ነው የሚለወጠው። ሐሳቡ ከማን እንደመጣ ምሁራን ይከራከራሉ፤ ከህንድ ነው የሚሉ አሉ፣ እዚሁ ነው የሚሉም አሉ። ለዚህ ዓይነቱ ጽሕፈት ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ በ1990 ስም ሲፈልግ «አቡጊዳ» ብሎ ሰየመው። የዛሬ የቋንቋ ተማሪ የህንዱንም የታይላንዱንም ጽሕፈት በኛ ቃል ነው የሚጠራው።

ቅድመአያት
እሱን እኮ ነው የምለው!

ሰኔና_ሰኞ
እሱን አላልክም ጋሼ 😂 ግን ይሁንልህ።

ወለላ
ተራውም አስገራሚ ነው። ሀ ለ ሐ መ የሚለው ቅደም ተከተል የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሶሪያ ውስጥ ኡጋሪት በተባለች ጥንታዊ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ሰሌዳ ላይ ፊደሎቹ በዚሁ ዓይነት ተራ ተደርድረው ተገኝተዋል። ደቡብ ዓረቦችም በዚሁ ነበር የሚቆጥሩት። ዛሬ በሕይወት ያለው እኛ ጋ ነው። የአ በ ገ ደ ተራም እኩል ጥንታዊ ነው፣ የላቲኑ ኤ ቢ ሲ የመጣው ከዚያ ነው። ሁለቱንም ይዘን የቀረን እኛ ነን።

ጉጉት
ቁጥሮቹስ? ፩፣ ፪፣ ፫ የራሳችን ናቸው አይደል?

ባለቀለም
የግሪክ ፊደላት ናቸው። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ፩ አልፋ ነው፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ። ከላይና ከታች መስመር ስላበጀንላቸው አይታወቁም። ዜሮ የላቸውም፤ ለመቶ ግን ፻፣ ለአሥር ሺህ ፼ አለ።

ቅድመአያት
ዛሬስ በቃኝ።

ብራና • ሐሙስ
ቅድመአያት ይረፍ። ዛሬ ስለ ንባብ፣ ማለትም አንባቢው ስላለቀ ጽሕፈት።

በ1900 አርተር ኢቫንስ ቀርጤስ ደሴት ላይ ክኖሶስ በሚባል ቦታ የሸክላ ሰሌዳዎች አገኘ። ሰሌዳዎቹ ያልተጠበሰ ጭቃ ነበሩ። የተረፉት ቤተ መንግሥቶቹ ስለተቃጠሉ ነው፤ እሳቱ ጠበሳቸው። ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ነበር፣ ሊኒየር ኤ እና ሊኒየር ቢ ተባሉ። ሁለተኛውን በ1952 የፈታው ማይክል ቬንትሪስ ነው። ሙያው አርክቴክት ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ሳለ ኢቫንስ ሲናገር ሰምቶ ነው የያዘው። ቋንቋው ምን ሆኖ ተገኘ? ግሪክኛ! ኢቫንስ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ሲል የኖረው።

ወለላ
ሁልጊዜ የቬንትሪስ ስም ብቻ ይነሳል። አሊስ ኮበርስ? ኒውዮርክ ብሩክሊን ኮሌጅ የምታስተምር መምህርት ነበረች። ማታ ማታ ነበር የምትሠራው። በጦርነቱ ጊዜ ወረቀት ሲጠፋ ከሰላምታ ካርድና ካገኘችው ቁራጭ ሁሉ ካርድ እየቆረጠች ምልክቶቹን መዘገበች፤ በሲጋራ ካርቶን ነበር የምታስቀምጣቸው። የቃላቱ መጨረሻ እንደሚለዋወጥ፣ ማለትም ቋንቋው ቃላትን እንደሚያረባ ያሳየችው እሷ ናት። ምልክቶቹ ምን ድምፅ እንዳላቸው ለመገመት እንኳ እምቢ ብላ፣ በዝምድናቸው ብቻ ደረደረቻቸው። ቬንትሪስ የተነሳው ከዚያ ነው። በ1950 ሞተች፣ ሁለት ዓመት ቀርቷት።

ጠጠር
ተፈትቶ ሲነበብስ? ጀግና፣ ጦርነት፣ አማልክት?

ብራና
በግ። ዘይት። የሠረገላ ጎማ። ለሠራተኛ የተሰጠ ቀለብ።

ሰኔና_ሰኞ
ባለቀለም ያለው ደረሰ። ሒሳብ ሠራተኛው በየትም አለ።

ጉጉት
ሊኒየር ኤስ?

ብራና
ምልክቶቹ ብዙዎቹ ከቢ ጋር ስለሚመሳሰሉ ድምፁን መገመት ይቻላል። ቋንቋው ግን አልታወቀም። ብታነበውም አይገባህም።

ብራና • ዓርብ
የመጨረሻው፣ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ንጉሥ አይተናል፣ ብር ሠሪ አይተናል። ልጆችስ?

ሉዊ ብሬል የኮርቻና ልጓም ሠሪ ልጅ ነው፣ ፈረንሳይ። በ3 ዓመቱ በአባቱ ሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው። ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብቶ ሳለ ሻርል ባርቢየ የተባለ ሰው የፈለሰፈውን «የሌሊት ጽሕፈት» አገኘ። በ12 ነጥብ የሚሠራ ነው። ችግሩ ጣት አንድ ጊዜ ነክታ አትጨርሰውም። ሉዊ ወደ 6 ነጥብ ቀነሰው። በስድስት ነጥብ 63 ዓይነት አቀማመጥ ይወጣል፤ በቂ ነው። በ1824 ዋናውን ሲጨርስ 15 ዓመቱ ነበር።

ባለቀለም
ነጥቡን ለመውጋት የሚይዙት መሣሪያም ከወስፌ ብዙ አይርቅም። ትምህርት ቤቱ ግን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፣ እሱ በ1852 ከሞተ በኋላ። በመሐል ከልክለውት ነበር፤ ተማሪዎቹ ተደብቀው ይጽፉበት ነበር። የሚያዩት መምህራን ለሚያዩት የሚመች ጽሕፈት ነበር የሚፈልጉት፣ ማለትም ጎላ ብሎ የወጣ ላቲን። እንደገና የቼ ማሊ ነገር ነው።

ወለላ
አድላምን እኔ ልጨምር። በ1989 ጊኒ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች፣ ኢብራሂማና አብዱላይ ባሪ፣ አንዱ 14 ሌላው 10 ዓመት፣ ለፉላኒ ቋንቋ ፊደል ሠሩ። ፉላኒ ከሴኔጋል እስከ ምሥራቅ ድረስ በብዙ ሚሊዮን ሰዎች የሚነገር ነው። በዓረብኛ ፊደል ሲጻፍ የሚጎድሉ ድምፆች አሉ፤ ለምሳሌ ወደ ውስጥ የሚዋጡት «በ» እና «ደ»። ልጆቹ ክፍላቸውን ዘግተው ቅርጽ ሲሥሉ ከረሙ። ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። የተማረ ሰው ሌላ ሦስት ሰው እንዲያስተምር ይጠይቁት ነበር። መጻሕፍት በእጅ እየገለበጡ አሠራጩ።

ጉጉት
ስልክ ላይስ ይጻፋል?

ወለላ
በ2016 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ መዝገብ ነው። ከዚያ በፊት ባዶ ሳጥን ነበር የሚታየው። የግዕዝ ፊደል የገባው በ1999 በ3.0ኛው እትም ነው። በዚያው እትም የቼሮኪም ገብቷል። አሁን ፊደል መፍጠር ብቻውን አይበቃም፤ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሰነድ ማስገባት፣ ፎንት ማሠራት፣ ስልክ አምራች እስኪያካትተው መጠበቅ አለ።

ጠጠር
ሹሙ አሁን ኮሚቴ ሆነ በሉኛ።

ባለቀለም
ልዩነት አለው። ቼ ማሊ «አትጻፉ» ነው ያለው። ኮሚቴው «እየጻፋችሁ እንደሆነ አሳዩኝ» ነው የሚለው። አድላም የገባው ቀድሞውኑ መጽሐፍና ተማሪ ስለነበረው ነው።

ሰኔና_ሰኞ
ለሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቁጥር ይሁን። ጥቆማ፦ የፍሎረንስ ገንዘብ ለዋጮች ማኅበር በ1299 ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ቁጥሮች በሒሳብ መዝገብ ላይ ከልክሎ ነበር። ማን ነው የሚጀምረው?

ቅድመአያት
እኔ። ግን ዜሮን ማን እንደፈጠረ ማንም ቀድሞ እንዳይናገር።